ከችሎት ባሻገር፦ ሱዛን ዴንሃም እና የአየርላንድ ፍርድ ቤቶች የሠላሳ ዓመት ግንባታ

ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በአየርላንድ የዳኞች ሹመት ኮሚሽን ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የደብሊን መንግሥት ዳኛ ለመሾም የሚችለው ኮሚሽኑ አጣርቶ ካቀረበለት ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው፤ ለአንድ ክፍት ወንበር የሚቀርቡለትም ሦስት ስሞች ናቸው። ቀድሞ መንግሥት የአማካሪ ቦርዱን ዝርዝር ከተቀበለ በኋላ እንኳ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ብቁ ሰው ሊሾም ይችል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚህ አሠራር ለመድረስ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል። በእነዚህ ዓመታት የአየርላንድ ፍርድ ቤቶች አስተዳደር፣ የይግባኝ ሥርዓት፣ የዳኞች ሥነ ምግባርና የሹመት ሕግ ተራ በተራ ተለውጠዋል። ከለውጦቹ በአብዛኞቹ ላይ ስማቸው የሚነሳው ዳኛ ሱዛን ዴንሃም ናቸው። ከ1992 እስከ 2017 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቀምጠዋል፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት በዋና ዳኝነት።

የዳኝነት ነፃነት ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበን ዳኛው ማንንም ሳይፈራ መፍረዱ ነው። የዴንሃምን የሥራ ዘመን በቅርበት ያየ ሰው ግን ሌላም ነገር ይገነዘባል። የችሎቱን በጀት የሚይዘው ማን ነው? ይግባኝ ስንት ዓመት ይጠብቃል? በዳኛ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው ለማን ያቀርባል? እነዚህ የማይጮኹ ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ ጥሩ ዳኛ ብቻውን ጥሩ ፍርድ ቤት አይሆንም። አየርላንድ ለጥያቄዎቹ መልስ የሰጠችው ዘግይታ፣ በአብዛኛውም ቀውስ ከደረሰ በኋላ ነው። መዘግየቱ ያስከፈለውን ዋጋ ከዚህ በታች እናያለን።

ዴንሃም በ1945 በደብሊን ተወለዱ። አባታቸው ዳግላስ ጌጅቢ ዘ አይሪሽ ታይምስ የተባለውን ጋዜጣ ለረጅም ዘመን የመሩ አዘጋጅ ነበሩ። ልጅቱ በትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ለጥብቅና በሚያበቃው በኪንግስ ኢንስ፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ። በ1971 የጥብቅና ፈቃድ አገኙ፤ በ1987 ለነባርና ለላቁ ጠበቆች የሚሰጠውን የከፍተኛ ጠበቃ ማዕረግ ያዙ። በ1991 ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት ተሾሙ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል እንኳ ሳይቆዩ በ1992 መጨረሻ፣ በ47 ዓመታቸው፣ የመጀመሪያዋ ሴት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። በከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ሜላ ካሮል የተሾሙት በ1980 ስለነበር በሁለቱ ደረጃዎች መካከል 12 ዓመት አልፏል።

በ2011 ዴንሃም ዋና ዳኛ ሲሆኑ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ፣ ማለትም የመንግሥት የሕግ አማካሪዋ፣ ሜሪ ዊላን ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወንጀል ክስ ዳይሬክተርነቱን ክሌር ሎፍተስ ተረከቡ። የአገሪቱ ዋና ዋና የሕግ ኃላፊነቶች በአንድ ጊዜ በሴቶች እጅ ሲገቡ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከፍርዶቻቸው ጥቂቱ

የዴንሃም ፍርዶች ብዙ ናቸው፤ አስተሳሰባቸውን ለመረዳት ግን ጥቂቶቹ ይበቃሉ። በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሃያ ዓመት በላይ ራሷን ሳታውቅ የኖረች ሴትን ጉዳይ አየ። ቤተሰቧ በቱቦ የሚሰጣት ምግብ እንዲቋረጥ ጠይቆ ነበር። ችሎቱ አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈቀደ፤ ዴንሃም ከአብላጫው ጋር ነበሩ። በ2013 ደግሞ ዋና ዳኛ ሆነው በሌላ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሰባቱን ዳኞች የጋራ ፍርድ አነበቡ። በከባድ ሕመም የምትሠቃይ ሴት ሕይወቷን እንድትጨርስ ሌላ ሰው ሊረዳት እንዲፈቀድ ጠይቃ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ መብት እንደማይሰጥ ወሰነ። ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው መስመሩ የተሰመረበትን ቦታ ያገኛል። ሕክምናን እምቢ ማለትና በሽታ መንገዱን እንዲሄድ መተው አንድ ነገር ነው፤ ሞትን በሌላ ሰው እጅ ማምጣት ሌላ ነው።

በ2001 የተሰጠው ውሳኔ ስለ መንግሥትና ስለ ፍርድ ቤት ድንበር ነው። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ፒተር ኬሊ፣ ከባድ የባሕርይ ችግር ላለባቸው ሕፃናት ማቆያ ማዕከላትን መንግሥት ራሱ ባወጣው የጊዜ ሰሌዳ እንዲሠራ አዘዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን አራት ለአንድ ሻረው፤ አስፈጻሚው ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል ፍርድ ቤት ሊነግረው አይገባም በሚል። የልዩነት ሐሳብ ያሰፈሩት ዴንሃም ብቻ ነበሩ። የሕፃናት ሕገ መንግሥታዊ መብት ለዓመታት ሲጣስ ቆይቶ መንግሥት የገባውን ቃል ሳይፈጽም ሲቀር፣ በልዩ ሁኔታ ፍርድ ቤት አስገዳጅ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል የሚል ነበር ሐሳባቸው። በእኛ አስተያየት ያ የልዩነት ሐሳብ ከአብላጫው ፍርድ የበለጠ ያሳምናል፤ ዳኛ ኬሊ አዲስ ፖሊሲ አልፈጠሩም፣ ያስገደዱት መንግሥት ራሱ ያወጣውን ዕቅድ ነው።

በተግባር ብዙ ያናወጠው ፌብሩዋሪ 2012 በዴንሃም የተነበበው የብርበራ ማዘዣ ፍርድ ነው። ከ1939 ጀምሮ በሥራ ላይ የነበረው የመንግሥት ጥበቃ ሕግ፣ በኋላ በተጨመረበት አንቀጽ 29፣ የፖሊስ ሱፐርኢንቴንደንት (ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን) ራሱ የመኖሪያ ቤት መበርበሪያ ማዘዣ እንዲያወጣ ይፈቅድ ነበር። በዚህ ጉዳይ ማዘዣውን የፈረመው ምርመራውን የሚመራው መኮንን ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዲህ አለ፦ የሰው ቤት በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው፤ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የሚወስነው ከምርመራው ነፃ የሆነ ሰው መሆን አለበት። አንቀጹም ወደቀ።

ችግሩ ከዚያ ቀጠለ። በዚያ አንቀጽ በተፈረሙ ማዘዣዎች የተሰበሰቡ ማስረጃዎች ብዙ ነበሩ። በአገሪቱ በ1990 የጸናው ደንብ ደግሞ ሕገ መንግሥታዊ መብት ተጥሶ የተገኘ ማስረጃ ፖሊሱ በቅን ልቦና ቢሠራም ውድቅ ይሆናል የሚል ጥብቅ ደንብ ነበር። ስለዚህ የጥፋተኝነት ውሳኔዎች ተሰረዙ፣ ክሶች ፈረሱ። ፓርላማው በዚያው ዓመት ጁላይ አዲስ የማዘዣ ሕግ አወጣ፤ አስቀድሞ ወደ ዳኛ መሄድ ግድ ሆነ፣ መኮንን የሚፈርመው አስቸኳይ ሲሆንና ከምርመራው ነፃ ከሆነ ብቻ ነው። ያለፉትን ጉዳዮች ግን አዲስ ሕግ አያድናቸውም። በኤፕሪል 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከዚሁ ዓይነት ማዘዣ በተነሳ ይግባኝ የ1990ውን ደንብ አራት ለሦስት ለወጠው፤ ዴንሃም ከአራቱ አንዷ ነበሩ። አሁን ዐቃቤ ሕግ ጥሰቱ ሆን ተብሎ እንዳልተፈጸመ፣ ለምሳሌ በኋላ በመጣ የፍርድ ለውጥ ምክንያት ብቻ ጥሰት እንደሆነ ካስረዳ ማስረጃው ሊቀርብ ይችላል። በተቃራኒው የቆሙት ሦስቱ ዳኞች ይህ የፖሊስን ተጠያቂነት ያላላል ብለው ጠንካራ ሐሳብ ጽፈዋል፤ ክርክሩ በአየርላንድ ጠበቆች ዘንድ እስካሁን አልበረደም።

በሕዝበ ውሳኔ ፍትሐዊነት ላይም ዴንሃም ሁለት ጊዜ ተሳትፈዋል። በኖቬምበር 1995 ስለ ፍቺ ሕዝበ ውሳኔ ሊካሄድ ሳምንት ሲቀረው፣ መንግሥት የሕዝብ ገንዘብ ለ«አዎ» ቅስቀሳ ማውጣቱ ሕገ ወጥ ነው ካሉት አራት ዳኞች አንዷ ነበሩ። በኖቬምበር 2012 ደግሞ በእሳቸው የሚመራው ችሎት ስለ ሕፃናት መብት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ዋዜማ መንግሥት በ1.1 ሚሊዮን ዩሮ በጀት ያዘጋጀው መረጃ ሚዛናዊ አይደለም አለ። ድምፁ ሊሰጥ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

የችሎት ቁልፍ በማን እጅ?

ዴንሃም በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ካላቸው ቦታ ይልቅ በሕንፃዎቹና በመዝገብ ቤቶቹ ውስጥ ያላቸው ቦታ ይሰፋል። እስከ 1990ዎቹ የአየርላንድ ፍርድ ቤቶች አስተዳደር አገሪቱ ከነፃነት በኋላ በ1924 ባወጣችው ሕግ ላይ እንደቆመ ነበር። የሬጅስትራር ሠራተኞች፣ የችሎት አዳራሽ ጥገና፣ በጀትና ቁሳቁስ በሙሉ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነበሩ። ሚኒስቴሩ ደግሞ ፖሊስንና ማረሚያ ቤቶችን የሚያስተዳድር፣ በብዙ ጉዳዮችም ራሱ ተከራካሪ የሚሆን መሥሪያ ቤት ነው። ዳኞች ስንት መዝገብ እንደተከማቸ የሚያሳይ የተሟላ አኃዝ አልነበራቸውም፤ ለአጠቃላይ ሥራው ኃላፊ የሚባል አንድ ሰውም አልነበረም።

በ1995 መንግሥት ይህን የሚያጠና የሥራ ቡድን አቋቁሞ ዴንሃምን ሰብሳቢ አደረገ። ቡድኑ እስከ 1998 ድረስ ስድስት ሪፖርቶች አወጣ። ዋናው ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ አስተዳደሩ ከሚኒስቴሩ ወጥቶ ራሱን ለቻለ መሥሪያ ቤት ይሰጥ። በ1998 ሕጉ ወጣ፤ በኖቬምበር 1999 የፍርድ ቤቶች አገልግሎት የተባለው መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ።

አወቃቀሩን ማየት ይጠቅማል፤ ተመሳሳይ ለውጥ የሚያስቡ አገሮች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱን የሚመራው በዋና ዳኛው ወይም ዋና ዳኛው በሚወክለው ዳኛ የሚሰበሰብ ቦርድ ነው። ከየፍርድ ቤቱ የመጡ ዳኞች አብላጫውን ይይዛሉ፤ የጠበቆች፣ የሠራተኞች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የባለጉዳዮች ወኪሎችም አሉበት። የዕለት ሥራውን የሚያካሂደው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲሆን፣ ስለ ገንዘቡ በፓርላማው የሒሳብ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሚጠየቀውም እሱ ነው። በዚህ መንገድ ዳኞች ስለ በጀት በፖለቲከኞች ፊት አይቆሙም፤ የሕዝብ ገንዘብም ያለ ተጠያቂ አይወጣም። ሕጉ መሥሪያ ቤቱ በዳኝነት ሥራ እንዳይገባ በግልጽ ይከለክላል፤ መዝገብ ለየትኛው ዳኛ እንደሚመራ የሚወስኑት የየፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቶች ናቸው።

አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ በጀቱ አሁንም ከመንግሥት ነው የሚመጣው። በ2010 በደብሊን 22 የችሎት አዳራሾች ያሉት የወንጀል ችሎቶች ሕንፃ ተከፈተ። በዚያው ወቅት የፋይናንስ ቀውሱ መሥሪያ ቤቱን በጀትና ሠራተኛ አሳጥቶት፣ በገጠር ያሉ ትናንሽ ችሎቶች እየተዘጉ ነበር። ራሱን የቻለ አስተዳደር እጥረትን ማከፋፈል ይችል ይሆናል እንጂ እጥረትን አያስቀርም።

በዚሁ ቀውስ ዘመን የዳኞች ደመወዝ ጉዳይ ፈነዳ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35.5 የዳኛ ክፍያ በሥራ ላይ እያለ አይቀነስም ይል ነበር። በ2009 በመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ላይ የጡረታ ተቀናሽ ሲጣል፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዳኞችን ማስገደድ አይቻልም ብሎ መከረ፤ ለዳኞች በፈቃደኝነት የመክፈል አሠራር ተዘጋጀላቸው። ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1959 የገቢ ግብር እንደ ቅነሳ አይቆጠርም ብሎ ስለነበር ተቀናሹም ሊከራከሩበት የሚቻል ጉዳይ ነበር። በጁላይ 2011፣ ዴንሃም ዋና ዳኛ በሆኑበት ወር፣ ዳኞች መጠኑን ነፃ አካል ይወስን የሚል ጽሑፍ ለሕዝብ አሰራጩ። ሕዝቡ ግን ሥራ እያጣ፣ ደመወዙ እየተቆረጠ ነበር። በኦክቶበር 27 ቀን በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 80 በመቶ የሚጠጋው መራጭ ቅነሳውን ደገፈ። የዳኞቹ የሕግ ሥጋት መሠረት ነበረው፤ ደመወዝን መንካት ዳኛን ለመጫን የታወቀ መንገድ ነው። ጊዜው ግን ያንን ለማስረዳት እጅግ ክፉ ጊዜ ነበር። አዲሱ አንቀጽ ቅነሳው በሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ከተደረገው ጋር ተመጣጣኝ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ይህም ገደብ አሁንም ዳኞችን ይጠብቃል።

አራት ዓመት የሚጠብቅ ይግባኝ

ቀጣዩ ሥራ የይግባኝ ፍርድ ቤት ነበር። እስከ 2014 በአየርላንድ ከከፍተኛ ፍርድ ቤት የተነሳ የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ያለ ማጣሪያ ቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ከ7 ወደ 36 አድገዋል፤ ከላያቸው ያለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ቁጥር ግን ከ5 ወደ 8 ብቻ ነው ያደገው። አንድ የጎረቤታሞች የአጥር ክርክርና የሕገ መንግሥት ትርጉም በአንድ ሰልፍ ይጠብቁ ነበር። የወንጀል ይግባኝ ደግሞ የሚታየው ከአንድ የጠቅላይና ከሁለት የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች በየጊዜው በሚዋቀር ችሎት ስለነበር፣ ችሎቱ በተሰየመ ቁጥር ሌላ ሥራ ይቆማል፤ ዳኞቹ ስለሚለዋወጡም የቅጣት አወሳሰዱ ወጥ ለመሆን ይቸገር ነበር።

በ2006 መንግሥት ሌላ የሥራ ቡድን አቋቋመ፤ ሰብሳቢዋ አሁንም ዴንሃም። በ2009 የወጣው ሪፖርት በሁለቱ መካከል ቋሚ የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲቆም መከረ። ሕገ መንግሥት መቀየር ስለሚያስፈልግ ሐሳቡ ለአራት ዓመት ተኛ። በዚህ መሃል ተራ ይግባኝ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአራት ዓመት በላይ መጠበቅ ጀመረ። ዴንሃም ዋና ዳኛ ከሆኑ በኋላ በየመድረኩ ይህን ቁጥር ይደጋግሙ ነበር። ኦክቶበር 4 ቀን 2013 ሕዝቡ 65 በመቶ በሆነ ድምፅ አጸደቀው። በዚያው ቀን የላይኛው ምክር ቤት ይፍረስ የሚለው ሐሳብ በጠባብ ልዩነት ወድቋል፤ የመገናኛ ብዙኃኑ ትኩረት በሙሉ እዚያ ላይ ስለነበር የፍርድ ቤቱ ጥያቄ ብዙም ሳይወራለት አለፈ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ኦክቶበር 28 ቀን 2014 በአሥር ዳኞች ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚገባው አመልክቶ ፈቃድ ያገኘ ብቻ ነው። አመልካቹ ወይ ጉዳዩ ለሕዝብ አጠቃላይ ጠቀሜታ እንዳለው፣ ወይ ፍትሕ ይግባኙን እንደሚጠይቅ ማሳየት አለበት። ማመልከቻውን ሦስት ዳኞች በአብዛኛው በጽሑፍ ያዩታል፤ ውሳኔያቸውም ይታተማል። ከከፍተኛ ፍርድ ቤት መካከለኛውን ዘልሎ መሄድ የሚቻለው ከዚህ በተጨማሪ ልዩ ሁኔታ ሲኖር ነው። ብዙ ማመልከቻዎች የሚወድቁት አመልካቹ ዳኛው ተሳስቷል ብሎ ብቻ ስለሚከራከር ነው፤ ስሕተት መኖሩ ከእንግዲህ አይበቃም።

ወንጀሉ ላይ ለውጡ በፍጥነት ታየ። ፍትሐ ብሔሩ ግን ገና ከጅምሩ ከባድ ሸክም ተሸከመ። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከማችተው ከነበሩት ይግባኞች ከ1,300 በላይ የሚሆኑት በሕገ መንግሥቱ የሽግግር አንቀጽ መሠረት ወደ አዲሱ ፍርድ ቤት ተላለፉ። አሥር ዳኞች ውዝፉንም አዲሱንም ማንሳት አልቻሉም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቀጠሮው ርቀት ወደ ሁለት ዓመት ተጠጋ። ሕጉ ተሻሽሎ የዳኞቹ ቁጥር ወደ 16 ያደገው በ2019 ነው፤ ያኔ ዴንሃም በጡረታ ላይ ነበሩ። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ አዲስ ፍርድ ቤት ሲቋቋም ውዝፉን የሚያነሳ ጊዜያዊ አቅም አብሮ ካልተሰጠው፣ ሰልፉ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይዛወራል።

የፈቃድ ሥርዓቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ለትልልቅ ጉዳዮች ነፃ አድርጎታል። አንዱ ምሳሌ ጥገኝነት ጠይቀው በአየርላንድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንንም በቀጥታ ይመለከታል። ሜይ 30 ቀን 2017፣ ዴንሃም ሊሰናበቱ ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ ፍርድ ቤቱ ጥገኝነት ጠያቂዎች ምንም ያህል ቢቆዩ እንዳይሠሩ የሚከለክለው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ወሰነ። ፍርዱን የጻፉት ዶናል ኦዶኔል ናቸው፤ የአሁኑ ዋና ዳኛ። አመልካቹ ውሳኔ ሲጠብቅ ስምንት ዓመት ያለፈው የምያንማር ሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ ሕጉን ወዲያው አልሻረም፤ ለመንግሥት ስድስት ወር ሰጠው። በ2018 አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረትን የጥገኛ ተቀባይነት መመሪያ ተቀላቀለች፤ በመጀመሪያ ከዘጠኝ ወር፣ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ከስድስት ወር ቆይታ በኋላ የመጀመሪያ ውሳኔ ያላገኘ አመልካች የሥራ ፈቃድ ያገኛል።

ክሊፍደን፦ ሕጉ ባልደረሰበት ቀን

ከሁሉ የዘገየው የዳኞች ሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። በአየርላንድ ዳኛን ከሥራ ማንሳት የሚቻለው በአንቀጽ 35.4፣ በተረጋገጠ ጥፋት ወይም በአቅም ማጣት፣ ሁለቱም የፓርላማ ምክር ቤቶች ሲወስኑ ነው። ከነፃነት ወዲህ በዚህ መንገድ የተነሳ ዳኛ የለም። ከዚያ በታች ላለ ጥፋት ግን ምንም አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ የቅሬታ መቀበያ የለም። በ1999 አንድ እስረኛ ከጊዜው በፊት እንዲለቀቅ በተደረገበት ጉዳይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሂዩ ኦፍላኸርቲና የከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ሲሪል ኬሊ ሥራ ሲለቁ ክፍተቱ ለሁሉም ታየ። ወዲያው የተቋቋመው የዳኞች ኮሚቴ የዳኞች ጉባኤ ይቋቋም ብሎ መከረ። ሕጉ ግን ለሃያ ዓመት ያህል አልወጣም። ዴንሃም በኖቬምበር 2011 ሕግ ሳይጠብቁ ጊዜያዊ ጉባኤ አቋቋሙ፤ ሆኖም በሕግ ያልተደገፈ ጉባኤ ዳኛን ሊመረምር አይችልም።

ሕጉ በ2019 ወጣ፤ ዴንሃም ከሥራ ከተሰናበቱ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጉባኤው በዲሴምበር 2019 ተቋቋመ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ግን መመሪያ እስኪያዘጋጅ ድረስ ቅሬታ መቀበል አይችልም ነበር።

ልክ በዚያ ክፍተት ውስጥ ኦገስት 19 ቀን 2020 መጣ። በጎልዌይ አውራጃ፣ ክሊፍደን ከተማ፣ የፓርላማው የጎልፍ ማኅበር 80 ያህል እንግዶች የተገኙበት እራት አደረገ። መንግሥት በኮሮና ምክንያት በቤት ውስጥ የሚደረጉ መሰባሰቦችን ያጠበቀው ከአንድ ቀን በፊት ነበር። የግብርና ሚኒስትሩና የአውሮፓ ኅብረት የንግድ ኮሚሽነሩ ሥራቸውን ለቀቁ። ከእንግዶቹ አንዱ ሼመስ ዉልፍ ነበሩ፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሹመዋል።

በጊዜው ዋና ዳኛ የነበሩት ፍራንክ ክላርክ የሚከተሉት ሕጋዊ ሥርዓት ስለሌላቸው ወደ ጡረተኛዋ ዴንሃም ሄዱ። ዴንሃም በዉልፍ ፈቃደኝነት ላይ ብቻ የቆመ ምርመራ አድርገው ኦክቶበር 1 ሪፖርታቸው ታተመ። ዳኛው በእራቱ ላይ መገኘት አልነበረባቸውም፤ ሆኖም ሥራ እንዲለቁ መጠየቅ ፍትሐዊና ተመጣጣኝ አይሆንም፤ በመደበኛ ያልሆነ መንገድ ይፈታ አሉ። ከዚያ ግን የምርመራው ቃለ መጠይቅ ግልባጭ ታተመና ዳኛው ስለ ጉዳዩ የተናገሩት ነገር አዲስ ቁጣ ቀሰቀሰ። በኖቬምበር ክላርክ፣ በግላቸው አስተያየት ዉልፍ ሥራ መልቀቅ እንዳለባቸው በደብዳቤ ገለጹ። ዉልፍ አልለቀቁም፤ መንግሥትም ፓርላማውም የማንሳት ሂደት አልጀመሩም። በ2021 ወደ ችሎት ተመለሱ። በ2022 በእራቱ አዘጋጆች ላይ የቀረበው ክስ በጎልዌይ ወረዳ ፍርድ ቤት ታይቶ ሁሉም በነፃ ተሰናበቱ።

አንዳንዶች ዴንሃም ለባልንጀራ አዘነበሉ ብለዋል። የተሰጣቸው ሥልጣን ግን ይህን ወቀሳ አይደግፍም። ምስክር ማስገደድም፣ ቅጣት መወሰንም አይችሉም ነበር፤ በእጃቸው የነበረው አስተያየት መስጠት ብቻ ነው። አንዱ ዳኛ ሌላውን እኩያውን በደብዳቤ ልቀቅ እስከ ማለት የተደረሰው በመካከል መቆም ያለበት አካል ገና ስላልተወለደ ነው። የቅሬታ ሥርዓቱ ሥራ የጀመረው በኦክቶበር 2022፣ ከእራቱ ሁለት ዓመት በኋላ።

አሁን አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅሬታ በሦስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ለጉባኤው ሬጅስትራር ይቀርባል። ሬጅስትራሩ ተቀባይነት እንዳለው ያጣራል፤ አብዛኛው ቅሬታ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያማርረው ዳኛው በሰጠው ፍርድ ይዘት ላይ ስለሆነ ነው። ለዚያ መንገዱ ይግባኝ ነው። ያለፈው ወይ በስምምነት ይፈታል ወይ ለምርመራ ይመራል። 8 ዳኞችና 5 ዳኛ ያልሆኑ አባላት ያሉት ኮሚቴ ምክር፣ ሥልጠና ወይም ተግሣጽ ሊወስን ይችላል፤ ጥፋቱ ከባድ ከሆነ የማንሳት ሐሳብ ለፓርላማ እንዲቀርብ ለፍትሕ ሚኒስትሩ ያስተላልፋል።

ጉባኤው ራሱም ከእንቅፋት አላመለጠም። በማርች 2021 ዳኞቹ ተሰብስበው ለአካል ጉዳት ካሣ መመሪያ 83 ለ63 አጸደቁ፤ የካሣው መጠን በብዙ ዓይነት ጉዳቶች ላይ ክፉኛ ወረደ። በኤፕሪል 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሥልጣን ለዳኞች የሰጠውን አንቀጽ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል አለ፤ የዳኝነትን ነፃነት ስለሚነካ። መመሪያው የተረፈው ፓርላማው በኋላ በሌላ ሕግ ስላጸናው ነው።

ሦስት ስም

ሹመቱ የሁሉም መነሻ ነበር። በኖቬምበር 1994 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሃሪ ዊልሃን የከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ፣ መሥሪያ ቤታቸው አንድ ቄስ ተላልፎ እንዲሰጥ የቀረበውን ጥያቄ አዘግይቷል በሚል ጥምር መንግሥቱ ፈረሰ፤ ዊልሃንም በቀናት ውስጥ ለቀቁ። በ1995 የተቋቋመው አማካሪ ቦርድ ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ቢያንስ ሰባት ስም እንዲያቀርብ ታሰበ። ሁለት ቀዳዳዎች ቀሩ። ቦርዱ በሥራ ላይ ያሉ ዳኞችን ዕድገት አያይም፤ መንግሥትም በዝርዝሩ አይታሰርም። በጁን 2017 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዊላን በቦርዱ ሳያልፉ ለይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲሾሙ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

በዚያው ዓመት የቀረበ ረቂቅ ሕግ ኮሚሽኑ ዳኛ ባልሆነ ሰው እንዲመራና አብላጫውም ዳኛ ያልሆኑ እንዲሆኑ ፈለገ። ዳኞች አጥብቀው ተቃወሙት፤ ረቂቁ በ2020 ከፓርላማው መበተን ጋር ወደቀ። አሁን ያለው ሕግ መካከለኛ መንገድ ይዟል። ኮሚሽኑ 9 አባላት አሉት፦ ሰብሳቢው ዋና ዳኛ፣ ከእሳቸው ጋር ሦስት ዳኞች፣ አራት ዳኛ ያልሆኑ፣ እንዲሁም ድምፅ የማይሰጠው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ። ድምፁ አራት ለአራት ነው። በሥራ ላይ ያሉ ዳኞችም ማመልከትና ቃለ መጠይቅ መቅረብ አለባቸው። በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ማይክል ዲ. ሂጊንስ መንግሥትን በሦስት ስም ማሰር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይስማማ እንደሆነ እንዲመረመር ረቂቁን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላኩት። በዲሴምበር 2023 ፍርድ ቤቱ ይስማማል አለ። በአንቀጽ 26 መሠረት በዚህ ዓይነት ጉዳይ አንድ ፍርድ ብቻ ስለሚነበብ የተለየ ሐሳብ የያዘ ዳኛ ቢኖር እንኳ አይታወቅም።

በሥራ ልምድ ገና ብዙ ባይፈተንም ሕጉ አንድ ድክመት ይታይበታል። መንግሥት ከሦስቱ ለምን አንዱን እንደመረጠ ምክንያቱን ለሕዝብ እንዲገልጽ ግልጽ ግዴታ የለበትም። የመጀመሪያው ከባድ ፈተና ሩቅ አይደለም። ዋና ዳኝነት ከሰባት ዓመት አያልፍም፤ የጡረታው ዕድሜም አሁን 70 ነው። ዴንሃም ከ70 በላይ የቆዩት ከ1995ቱ ሕግ በፊት ስለተሾሙ ነበር። ኦዶኔል ሥልጣኑን የያዙት በኦክቶበር 2021 ስለሆነ፣ ተተኪያቸው በዚህ ኮሚሽን በኩል የሚያልፍ የመጀመሪያው ዋና ዳኛ ይሆናል።